ከወሎ ደጋ ሥር የተኛው ባሕር

ከደሴ ተነስቶ በጉጉፍቱና በወረኢሉ፣ ከዚያ በደጎሎ አድርጎ ወደ መርሐ ቤቴ የሚወስደውን መንገድ የሄደበት ሰው አይረሳውም። ጉጉፍቱ ላይ ብርዱ አጥንት ይገባል። ጋቢ የያዘ ጋቢውን ይደርባል፣ ያልያዘ እጁን ብብቱ ውስጥ ይከታል። ጃማ ላይ ዓይን እስኪደክም ሜዳና ጥቁር አፈር ነው። ከዚያ ሜዳው ሳይታሰብ ያልቃል። መኪናው አፍንጫውን ይደፋና ወደ ወንጭት ወንዝ መውረድ ይጀምራል። ጆሮ ይደፈናል። ጋቢው ይወልቃል። ቅድም ሲንቀጠቀጥ የነበረው ሰው አሁን ውሃ ውሃ ይላል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚያ ቁልቁለት መሃል የተሳፈርንበት መኪና ጎማ ፈነዳ። ተለዋጩ ጎማ ደግሞ ከፈነዳው የባሰ ሆኖ ተገኘ። ወረድንና ጥላ ፈለግን። ፍየል የሚጠብቅ ልጅ መጥቶ ከጎናችን ተቀመጠ፤ ትንሽ ሲለምደን ኪሱን ገለበጠልን። ከብይና ከቆርኪ መሃል አንዲት የድንጋይ ዛጎል ነበረች። አውራ ጣት ታክላለች። ላይዋ እንደ ቀሚስ የተሸነሸነ ነው። ሁለቱ ክዳኖቿ እንደተገጠሙ ናቸው። ቀና ብዬ ከልጁ ጀርባ ያለውን ገደል አየሁት። እንደ ላይኛው አገር ጥቁር አይደለም። ግራጫና ቢጫ የተቀላቀለበት፣ በመስመር በመስመር የተደረደረ አለት ነው።

አጠገቤ የነበሩ ሽማግሌ ዛጎሏን አገላብጠው አዩና «ይቺማ የኖኅ ውሃ ጥሏት የሄደች ናት» አሉ።

«አባባ፣ እዚህ ባሕር ነበር ማለት ነው?» አልኳቸው።

«አብሽር ልጄ፣ አሁን የለም» ብለው ሳቁብኝ።

ስለ ጥንት ባሕር ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ተራራ ነው። የኤቨረስት ጫፍ፣ 8,849 ሜትር ላይ፣ የኖራ ድንጋይ ነው። ውስጡ ከ400 ሚሊዮን ዓመት በፊት የኖሩ የባሕር እንስሳት ስብርባሪ አለበት። ወሎ ላይ ግን ነገሩ ተገልብጧል። ላስታ ሄዳችሁ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ ብትወጡ፣ 4,200 ሜትርን አልፋችሁ ብትቆሙ፣ አንዲት የባሕር ዛጎል አታገኙም። እዚያ ያለው እሳት የተፋው ድንጋይ ነው። ባሕሩ ያለው ከሥር ነው። ወሎ ውስጥ ወደ ባሕር የሚኬደው እየወረዱ ነው፤ ወደ ወንጭት፣ ወደ ዓባይ፣ ወደ ቆላው። የአገሬው ሰው ይህን ባሕር ሳያውቀው የኖረውም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። ደጋ ላይ ነው የምንኖረው፤ ቆላ የምንወርደው ለጉዳይ ነው። ለጉዳይ የወረደ ሰው ደግሞ ድንጋይ አያይም።

ዛጎል ሁሉ የባሕር አይደለም

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ሐይቅ ከተማ ወርዳችሁ በሐይቁ ዳር ብትዞሩ የትንንሽ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ልታገኙ ትችላላችሁ። ያ የጣፋጭ ውሃ እንስሳ ነው፤ ከባሕር ጋር አይገናኝም። ሐዳርም እንደዚያው ነው። ድንቅነሽ በ1967 ዓ.ም. ስትገኝ ሐዳር የሚቆጠረው በያኔው ወሎ ውስጥ ነበር። ግን እሷ የተቀበረችበት 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ ደለል የወንዝና የሐይቅ ደለል ነው። ብዙ ሰው «አፋር ድሮ ባሕር ነበር፣ ሉሲም እዚያ ተገኘች» እያለ ሁለቱን አንድ ላይ ይቋጥራቸዋል። ሁለቱም ለየብቻ እውነት ናቸው፤ አንድ ታሪክ ግን አይደሉም።

ታዲያ የወንጭቱ አለት የባሕር መሆኑ በምን ይታወቃል? በጎረቤቶቹ። አንድ ዛጎል ብቻውን ሊያታልል ይችላል፣ ሰፈሩ ግን አያታልልም። በኢትዮጵያ የኖራ ድንጋይ ውስጥ ኮራል አለ፤ ባሕር ወለል ላይ ተጣብቆ የድንጋይ ቤት የሚሠራ ትንሽ እንስሳ ነው። አሞናይት አለ፤ እንደ በግ ቀንድ የተጠቀለለ፣ ከዛሬዎቹ ባለ ብዙ እጅ የባሕር እንስሳት ጋር የሚዛመድ ፍጡር ነው። ክብ ሆነው እሾህ የለበሱ፣ የባሕር ጃርት ልንላቸው የምንችል እንስሳት አሉ። የልጁ ኪስ ውስጥ እንደነበረችው ያሉ የተሸነሸኑ፣ ብራኪዮፖድ የሚባሉ ባለ ሁለት ክዳን እንስሳትም ሞልተዋል። እነዚህ ሁሉ አንድ ጠባይ ይጋራሉ። ዛሬ በዓለም ላይ በጣፋጭ ውሃ የሚኖር አንድም የባሕር ጃርት የለም። ብራኪዮፖድም እንዲሁ። እነሱ የተቀበሩበት ውሃ ጨዋማ ነበር ማለት ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም።

የሽማግሌው መልስም ቢሆን ዝም ብሎ የሚጣል አይደለም። ዛጎሏ የውሃ መሆኗን፣ ውሃውም መሄዱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ነግረውኛል። የሰው ልጅ ይህን ጥያቄ ከጠየቀ ቆይቷል። ከ2,400 ዓመት በፊት የግሪኩ ሄሮዶቱስ በግብፅ ኮረብታዎች ላይ ዛጎል አይቶ አገሩ ድሮ ባሕር ነበር ብሎ ጠረጠረ። ሌላው ግሪካዊ ስትራቦ ደግሞ ፒራሚዶቹ አጠገብ ምስር የሚመስሉ ክብ የድንጋይ ፍሬዎች አየ። የአካባቢው ሰዎች ሠራተኞቹ በልተው የተረፋቸው ምግብ ድንጋይ ሆኖ ነው ብለው እንደነገሩትም ጻፈ። በእኛ አገር የድሮ መጻሕፍት ግብፅ ራሷ ምስር ትባላለችና ነገሩ ምስር በምስር ሆነ። እውነቱ ግን ፍሬዎቹ ኑሙላይት የሚባሉ ትንንሽ የባሕር ፍጡራን ቅርፊት ናቸው፤ ፒራሚዱ የተሠራበት የኖራ ድንጋይ በእነሱ የተሞላ ነው።

አንድ የጥፋት ውሃ ይህን ሁሉ ሊያመጣው አይችልም ወይ? ይህን ጥያቄ በደንብ ያነሳው ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ነበር። ጣሊያን ተራሮች ላይ ያሉትን ዛጎሎች አየና እንዲህ አሰበ፦ ጎርፍ ቢሆን ኖሮ ሁሉንም ቀላቅሎ፣ ሰባብሮ፣ አንድ ቦታ ይቆልላቸው ነበር። እነዚህ ግን በብዙ ድርብ፣ አንዱ በአንዱ ላይ፣ ሁለት ክዳናቸው እንደተገጠመ ተቀምጠዋል። የልጁ ዛጎልም ክዳኗ እንደተገጠመ ነበር። ከሩቅ እየተንከባለለ የመጣ ነገር እንደዚያ አይሆንም። እዚያው ኖራ፣ እዚያው ሞታ፣ እዚያው ተቀብራለች።

ባሕሩ እንዴት መጣ

ከ180 ሚሊዮን ዓመት በፊት አፍሪካ ብቻዋን አልነበረችም። ከማዳጋስካር፣ ከሕንድ፣ ከአንታርክቲካና ከሌሎችም ጋር ተጣብቃ ጎንድዋና የሚባለው ትልቅ አህጉር አካል ነበረች። ያ አህጉር መሰንጠቅ ሲጀምር በምሥራቅ በኩል ያለው መሬት ተለጠጠ፣ ሳሳ፣ ዝቅ አለ። በዚያ ዘመን ደግሞ የዓለም የባሕር ከፍታ ከዛሬው በጣም ይበልጥ ነበር። ውሃው ከደቡብ ምሥራቅ፣ ከዛሬው ኦጋዴን በኩል ገባ። ቀስ እያለ ወደ ሰሜንና ወደ ምዕራብ ተስፋፋ። ቆይቶ የዛሬውን ሐረርጌ፣ ባሌ፣ ሸዋ፣ ወሎ፣ ጎጃምና ትግራይ ብዙውን ክፍል ሸፈነ።

ገባ ስል ግን ጎርፍ እንዳይመስላችሁ። በአንድ ትውልድ ዕድሜ ማንም የማያስተውለው ግስጋሴ ነው። ታሪኩ በዓባይ ሸለቆ ግድግዳ ላይ ተጽፏል። ደጀንና ጎሐ ጽዮን መሃል የወረደ ሰው በአንድ መንገድ ላይ ሁሉንም ያየዋል። የወሎውም የቦረና፣ የወግዲና የከላላ ቆላ የዚያው ሸለቆ ልጅ ነው። ከታች ጀምረን እንቁጠር። ታችኛው የአሸዋ ድንጋይ ነው፤ ወንዞችና የባሕር ዳርቻ ያነጠፉት። ከእሱ በላይ ጀሶ የበዛበት ድርብ አለ። ጀሶ ማለት ባሕር ገብቶ፣ ተገድቦ፣ ፀሐይ መትታው ሲተን የሚቀረው ነው። ባሕሩ ገና በእግሩ ጣት እየሞከረን ነበር ማለት ይቻላል። ከዚያ በላይ ዋናው ይመጣል፤ ብዙ መቶ ሜትር ውፍረት ያለው የኖራ ድንጋይ። ያኔ ባሕሩ በደንብ ገብቶ ተቀምጧል። ዕድሜው ከ165 እስከ 150 ሚሊዮን ዓመት ይገመታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግራ ያጋባኝ ነበር። ባለሙያዎቹ ባሕሩ ሞቃትና ጥልቀት የሌለው ነበር ይላሉ። ኮራል ብርሃን ይፈልጋልና ይህ ትክክል ነው። ታዲያ ጥልቀት የሌለው ባሕር እንዴት ብሎ ብዙ መቶ ሜትር ደለል ይይዛል? ሙልት ብሎ አያልቅም ወይ? መልሱ ወለሉ ቋሚ አለመሆኑ ነው። ስፖንጅ ፍራሽ ላይ አንድ ጆንያ ጤፍ ብትጭኑበት ይሰምጣል። ሌላ ጆንያ ብትደርቡ ደግሞ ይሰምጣል። የላይኛው ጆንያ ግን ከመሬት ያለው ከፍታ እምብዛም አይለወጥም። ባሕሩም እንዲያ ነበር። መሬቱ በተለጠጠ ቁጥር ዝቅ ይላል፤ ደለሉ ሲከብደው ደግሞ ይብስበታል። ዛጎሉ፣ የአልጌው ዱቄት፣ ነጩ የኖራ ጭቃ ቦታውን ይሞላል። በሺህ ዓመት ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ። ሺህ ዓመቱ ግን ሞልቶ ነበር።

ዛጎሏ ድንጋይ የምትሆነውም በዚሁ ጭቃ ውስጥ ነው። እንስሳዋ ትሞታለች፤ ሥጋው ይበሰብሳል። ቅርፊቱን ቶሎ ጭቃ ካለበሰው ማንም አይነካውም። ከላይ የሚከመረው ደለል ይጫነዋል፣ ውሃውን ጨምቆ ያወጣዋል። በአለቱ ቀዳዳ የሚንሸራሸረው ውሃ ኖራ ያቀብለዋል። አንዳንዴ ቅርፊቱ ራሱ ይሟሟና ባዶ ቦታው ይቀራል፤ ኋላ ሌላ ማዕድን ይሞላበታል። ጡብ የሚቆርጥ ሰው በሻጋታ ውስጥ ጭቃ እንደሚሞላው ማለት ነው።

ከዚያ ባሕሩ እንደመጣው ቀስ ብሎ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ተመለሰ። ትቶት የሄደው ሜዳ ላይ ወንዞች ጭቃና አሸዋ አነጠፉ። ወንጭት በሚገባበት በጀማ ወንዝ ሸለቆ፣ ከኖራ ድንጋዩ በላይ ባለው የጭቃ ድንጋይ ውስጥ፣ የዳይኖሰር ጥርስ፣ የአዞና የኤሊ ቅሪት ተገኝቷል። አዎ፣ ዳይኖሰር። ከመርሐ ቤቴዋ ዓለም ከተማ ብዙም ሳይርቅ። ይህን ሳነብ መጀመሪያ ያሰብኩት በትምህርት ቤት ስለ ዳይኖሰር ስንማር አሜሪካ ብቻ የሚኖሩ አድርገን መሳላችንን ነው።

እሳቱ ያለበሰው ብርድ ልብስ

ከዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ይህ ሁሉ ተቀበረ። ከምድር ጥልቅ የተነሳ ትኩስ ነገር የዛሬውን የኢትዮጵያ መሬት ከሥር ገፋው፣ አሳበጠው፣ ሰነጠቀው። ቅልጥ አለት ከአንድ ተራራ አፍ ብቻ ሳይሆን ከረጃጅም ስንጥቆች ፈሰሰ። አንዱ ፍሰት በሌላው ላይ፣ እንደ እንጀራ ተነባብሮ። ቦታ ቦታ ላይ ውፍረቱ 2 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። አብዛኛው የፈሰሰው በአንድ ሚሊዮን ዓመት ወይም በዚያ አካባቢ ጊዜ ውስጥ ነው። ለሥነ ምድር ይህ እንደ አንድ ክረምት ነው። ኋላ ደግሞ ከ22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በዚያ ላይ ሌላ ትልቅ እሳተ ገሞራ ተደረበበት። ስሙ? ጉጉፍቱ። ያ ብርዱ አጥንት የሚገባው ጉጉፍቱ አንድ ጊዜ እሳት ነበር።

ወሎ የምትታወቅባቸው የድንጋይ ሀብቶች ሁሉ ማለት ይቻላል የዚህ የላይኛው ልብስ ናቸው። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት የተፈለፈሉት ከእሳተ ገሞራ አለት ነው። ደላንታ፣ ወገልጤና ላይ በ2000 ዓ.ም. ገደማ የተገኘው ኦፓልም የወጣው ከእሳተ ገሞራ አመድ ድርብ ውስጥ ነው። የመቅደላ አምባም እንዲሁ።

መቅደላን ካነሳን አይቀር፣ አንድ የተረሳ ነገር ልጨምር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ የወደቁበትን ዘመቻ ሁሉም ያውቃል። ከእንግሊዝ ጦር ጋር ግን ዊልያም ብላንፎርድ የሚባል ጂኦሎጂስትም ነበር። ጦሩ ከቀይ ባሕር ዳርቻ እስከ መቅደላ ሲጓዝ እሱ በመንገዱ የሚያየውን አለት ይመዘግብ ነበር። ዓዲግራት ላይ ያየውን የአሸዋ ድንጋይ በዓዲግራት ስም ጠራው። እንጣሎ ላይ ያየውን የኖራ ድንጋይ በእንጣሎ ስም። ደቡብ ሲወርድ ባሕሩ ከእግሩ ሥር ጠፋ፤ ጥቁሩ አለት ዋጠው። ያንን ጥቁር አለት ደግሞ አሸንጌና መቅደላ ብሎ በሁለት ከፈለው። እነዚህ ስሞች ዛሬም ድረስ በጂኦሎጂ ጽሑፎች ውስጥ ይሠራሉ። ከመቅደላ የተዘረፈው ብዙ ነው፤ ስሙ ግን በአለት ላይ ቀርቷል።

ማን ገለጠው

ሁለት ነገሮች። አንደኛው ከፍታው ነው። ያ ከሥር የገፋው ትኩሳት መሬቱን ሰቀለው። ድሮ ከባሕር ወለል በታች የነበረው የኖራ ድንጋይ ዛሬ መቀሌ ዙሪያ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል። ባሕሩ ሽቅብ አልወጣም፤ ወለሉ ነው የወጣው። ይህን ለመረዳት የሚጠቅም አንድ የጎረቤት ታሪክ አለ። ኬንያ ውስጥ፣ ቱርካና አካባቢ ሎፔሮት በሚባል ቦታ፣ እ.ኤ.አ. በ1964 የዓሣ ነባሪ ቅሪተ አካል ተገኘ። ዕድሜው 17 ሚሊዮን ዓመት ነው። ቦታው ዛሬ ከውቅያኖስ ዳርቻ 740 ኪሎ ሜትር ይርቃል፣ 620 ሜትርም ከፍ ይላል። ዓሣ ነባሪ 620 ሜትር ዳገት አይዋኝም። ያኔ መሬቱ ዝቅ ያለ ነበር፤ እንስሳው በወንዝ ተሳስቶ ገባና እዚያው ቀረ። መሬቱ ግን ከነአጥንቱ ተነሳ።

ሁለተኛው ወንዞቹ ናቸው። መሬት ከፍ ሲል ወንዝ ይቆጣል። ዓባይ፣ ጀማ፣ ወንጭት፣ በሽሎ ሁሉም ወደ ታች መቆፈር ጀመሩ። የበረቱት የባዛልቱን፣ ማለትም የዚያን ጥቁር የእሳተ ገሞራ አለት፣ ልብስ ቀደው ባሕሩ ወለል ላይ ደረሱ። ዓባይ ሸለቆ ቦታ ቦታ ላይ ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ጠልቋል። ስለዚህ ወሎ ላይ የጥንት ባሕር የሚታየው በጠባብ ጠባብ መስኮት ነው፤ ሸለቆ በሆነበት ብቻ። ግብፅ ውስጥ ዋዲ አል ሂታን የሚባል በረሃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኗል። የጥንት ዓሣ ነባሪዎች አፅም አሸዋው ላይ ተዘርግቶ ይታያል፤ ከጎኑ ቆሞ ፎቶ መነሳት ይቻላል። እነሱ ነፋስና ደረቅ አሸዋ አላቸው። እኛ ደግሞ ባዛልት፣ አፈር፣ እርሻና ግራር። የእኛ ባሕር ከእነሱ ያነሰ ሆኖ አይደለም፤ ሽፋኑ የበዛበት ነው።

ምሥራቁ ባሕር፣ ገና ትናንት

እስካሁን ያወራነው አንዱን ባሕር ነው። ወሎ ግን ጀርባዋን ወደ ሌላ ባሕርም ሰጥታ ነው የተቀመጠችው። ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ፣ ከባቲ ወደ አፋር የወረደ ሰው ሙቀቱን ያውቀዋል። ያ ቁልቁለት የአፍሪካ ጠርዝ ነው። ከሥሩ ያለው የአፋር መሬት ዛሬም እየተለጠጠ ነው፤ በዓመት አንድ ሁለት ሴንቲሜትር። አንዳንዴ ግን ይቸኩላል። በ1998 ዓ.ም. መስከረም ዳባሁ አካባቢ መሬቱ በ60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ተሰንጥቆ በጥቂት ሳምንት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ተላቀቀ። በ2018 ዓ.ም. ኅዳር ደግሞ ሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻገረ።

ያኔ ፌስቡክ ላይ የተባለውን ታስታውሱ ይሆናል። «የባሕር በር ፍለጋ ምን ያደክመናል፣ ባሕሩ ራሱ እየመጣ ነው» የሚል ቀልድ በየቦታው ነበር። ደሴ ሻይ ቤት ውስጥም ሰምቼዋለሁ፤ የሻይ ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ እየመቱ። ቀልዱ ውስጥ እውነት አለ፤ ችግሩ ቀጠሮው ነው። የሚሊዮን ዓመታት ጉዳይ ነው። ሌላው ቀልዱ የረሳው ነገር ባሕሩ አንዴ መጥቶ መሄዱን ነው። ከ125,000 ዓመት ገደማ በፊት የዓለም ባሕር ከፍ ባለ ጊዜ ቀይ ባሕር ወደ ዳናክል ዝቅታ ገብቶ ነበር። ዳር ዳሩን ኮራል በቀለ። ያ ኮራል ዛሬም በበረሃው ጠርዝ ላይ ድንጋይ ሆኖ ቆሟል። ከዚያ መግቢያው ተዘጋ። ውሃው ፀሐይ ላይ ተጥዶ ቀረ፤ ተነነ፤ ጨው ሆነ። ከሥር ያለው የጨው ክምችት ቦታ ቦታ ላይ ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ውፍረት አለው።

ይህ ባሕር ከወሎ ሰው ጓዳ ገብቶ ነበር። አሞሌ ጨው ነው የምላችሁ። አሞሌ ከዳናክል ተቆርጦ፣ በግመል ተጭኖ ደጋ ይወጣ ነበር። የድሮው ሰቆጣ ገበያ ስሙ የገነነው በአሞሌ ነው። አሞሌ ሸቀጥ ብቻም አልነበረም፤ ገንዘብም ነበር። አያቴ ከጓዳዋ ጥግ በጨርቅ የተጠቀለለ ቁራጭ አታጣም ነበር። ከብት ሲታመም ታልሰዋለች፣ እንግዳ ሲመጣ ወጥ ላይ ትፈገፍጋለች። ባሕር አይታ አታውቅም። ግን ዕድሜ ልኳን ስትልሰው ኖራለች።

ሲሚንቶና ዶዘር

አሁን ወደ ዛሬው ጉዳይ። ሲሚንቶ ሲጠፋ ሁላችንም እንጮሃለን። ሲሚንቶ ከምን እንደሚሠራ ግን ብዙም አንጠይቅም። የኖራ ድንጋይ ተፈጭቶ፣ ከሸክላ አፈር ጋር ተደባልቆ፣ 1,450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ተቃጥሎ ነው። የኮንዶሚኒየሙ ምሰሶ ውስጥ የዚያ ባሕር ዛጎል አለ። በዓባይና በጀማ ተፋሰስ ያለው የኖራ ድንጋይ የአገሪቱ ዋና የሲሚንቶ ጎተራ እየሆነ ነው። በ2017 ዓ.ም. መስከረም የተመረቀው የለሚ ፋብሪካ የቆመውም በጀማ አፋፍ አካባቢ ነው። ከወንጭት ማዶ ጎረቤት ማለት ነው።

ይህን ስል አትቆፈር ማለቴ አይደለም። ቤት ያስፈልገናል፤ ኖራ ድንጋዩ ደግሞ አያልቅም ለማለት ይቀላል። እንዲያውም ቁፋሮ ለሳይንስ ወዳጅም ነው። ደን፣ አፈርና ባዛልት የሸፈነውን ባሕር የሚገልጠው ወይ ወንዝ ነው ወይ ዶዘር። ወንዝ በሺህ ዓመት የሚሠራውን ዶዘር በአንድ ሳምንት ይሠራዋል። ችግሩ ዶዘር የገለጠውን እዚያው መልሶ ይፈጨዋል። በመሃል ያለችው ቀዳዳ፣ ማለትም አለቱ ከተቆረጠበት እስከሚፈጭበት ያለው ቀን፣ እሷ ናት ዋጋ ያላት።

ሕጉ ይህን አልረሳውም። አዋጅ ቁጥር 209/1992 በማዕድን ፍለጋ፣ በመንገድ ወይም በሕንፃ ሥራ ቁፋሮ ላይ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው ለቅርስ ባለሥልጣን ማሳወቅ እንዳለበት፣ እስኪረከቡትም ድረስ ጠብቆ ማቆየት እንዳለበት ይደነግጋል። ወረቀት ላይ ጥሩ ነው። ሥራው ላይ ያለው ሰው ግን ቅርስ ሲባል የሚመጣለት መስቀልና ብራና ነው። ዛጎል ቅርስ ነው ብሎ የነገረው የለም። ማሽን የሚነዳ ሰው ቢያንስ ምን እንደሚፈልግ በአንድ ገጽ ሥዕል ቢያይ ብዙ ነገር ይተርፍ ነበር ብዬ አምናለሁ። የተሸነሸነች ዛጎል፣ የበግ ቀንድ የመሰለ ጥቅል፣ እንደ ማር እንጀራ የተቦደሰ ድንጋይ። ይህን ለመሳል ዩኒቨርሲቲ አያስፈልግም።

በቆላው ወረዳዎች ለሚያስተምር መምህር ደግሞ የኬሚስትሪ ላቦራቶሪው ገደሉ ላይ ነው። ድንጋዩን በቢላ ፋቅ፣ ዱቄቱ ላይ ሎሚ ጨምቅ፣ ቢንጨረጨር የኖራ ድንጋይ ነው። ከደጋ የመጣውን ጥቁር ድንጋይ ፍቆ ሎሚ ቢያንጠባጥብበት ምንም አይልም። አንዱ ባሕር፣ አንዱ እሳት። ተማሪው ልዩነቱን በአንድ ግማሽ ሎሚ ያየዋል። ድንጋዩን ሲያነሳ ግን የተነሳበትን ቦታና ድርብ ይጻፍ። ዛጎል ከቦታዋ ከተለየች በኋላ ውብ ድንጋይ ናት እንጂ ታሪኳን ግማሽ አጥታለች። እኔም ይህን የተማርኩት ዘግይቼ ነው።

ጎማው ተሠርቶ ሹፌሩ ጥሩምባ ሲነፋ ልጁን ዛጎሏን ሽጥልኝ አልኩት። እንደ ሞኝ አየኝና ከቆርኪዎቹ ጋር ኪሱ ከተታት። የት አገኘሃት አልኩት። በአገጩ ከመንገዱ በላይ ያለውን ትኩስ ቁራጭ አሳየኝ። «ዶዘሩ ነው ያወጣት። ብዙ ነበሩ።»

«ሌሎቹስ?»

ጣቱን ወደ ታች፣ ወደ ቆምንበት አስፋልት ቀሰረ።